«ጦርነቱ ያስፈልግ ነበርን?»፦ በአንድ የክርክር ርእስ ላይ የቀረበ ሂስ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎች ከሚሰጡት የክርክር ርእሶች አንዱ «የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚለው ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የተለማማጅ መምህራንን ሥራ ስከታተል ይኸው ርእስ ሲቀርብ አዳምጫለሁ። ተቃዋሚው ወገን «ኢትዮጵያ ባርነትን ያለ ጦርነት በአዋጅ አስወግዳለች» ብሎ ሲደመድም ክፍሉ አጨበጨበ፤ መምህሩም ድሉን ለዚሁ ወገን ሰጠ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድምዳሜው ሳይመረመር መታለፉን መተቸት ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ክርክሩ መንሥኤንና አስፈላጊነትን ቀላቅሎ ነበር። መንሥኤው በሰነድ ይመረመራል። ደቡብ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ስትገነጠል ባወጣችው መግለጫ ባርነትን በግልጽ ጠቅሳለች፤ ይህ በጭብጨባ ብልጫ የሚወሰን አይደለም። አስፈላጊነቱ ግን የፍርድ ጉዳይ ነው። ከ600,000 በላይ ወታደሮች ያለቁበትን ጦርነት ማስቀረት ይቻል ነበር የሚል ተከራካሪ፣ አራት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስንት ዓመት በባርነት ይቆዩ ነበር ለሚለውም መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የአገራችንም ምሳሌ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባሮችን ሁሉ ወዲያው ነፃ አላወጣም፤ ነፃነቱን ከጌታው ሞት ጋር አያይዞ በየደረጃው የሚሰጥ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ተከተለ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 18 ዓመታት አልፈዋል፤ ፋሺስት ኢጣልያም ባርነትን ማመካኛ አድርጎ አገሪቱን ወርሯል። የባርነቱ አንዱ ምንጭ ራሱ ጦርነት ነበር፤ ከ1887ቱ የወላይታ ዘመቻ የተማረኩ ሰዎች፣ መናገሻው ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ተቆረቆረው አዲስ አበባ ተነድተዋል። እንግዲህ የእርስ በርስ ጦርነት አልተደረገም ማለት ደም አልፈሰሰም ማለት አይደለም።

ነገሩ የታሪክ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ካጨበጨቡት ተማሪዎች መካከል ወላጆቹ «የባሪያ ዘር» ተብለው የተሰደቡበት ልጅ ሊኖር ይችላል። እርሱ በዚያ ድል ውስጥ ድርሻው ምንድን ነው?

ስለሆነም ርእሱን መሰረዝ ሳይሆን ማረም ይበጃል። ተማሪዎች ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጠው «መዘግየቱ ለማን ጠቀመ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?» ብለው ይጠይቁ። አሸናፊ ባይኖርም ትምህርት ይኖራል።