ራሱን የሚያውቅ ብሎክ

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፤ አንዴ ተሰናድቶ ካሽ ውስጥ የተቀመጠ የገጽ ክፍል እስከ መቼ ይታመናል? ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ሁሉንም እንደ አዲስ ቢያሰናዳ ገጹ ይንቀራፈፋል። የተቀመጠውን ደጋግሞ ቢሰጥ ደግሞ ትናንት የታረመ ስህተት ዛሬም ይታያል፤ ከዚያም ሲከፋ የአንዱ ተጠቃሚ ስም በሌላው ገጽ ላይ ይወጣል። ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ከድሩፓል 8 ጋር የመጣውን ነው።

በድሩፓል 7 ዘመን አንድ ሞጁል (ተጨማሪ ፕሮግራም) የራሱን ብሎክ (የገጽ ክፍል) ሲያቀርብ ከጥቂት አማራጮች አንዱን ይመርጥ ነበር፤ በተጠቃሚው ሚና፣ በተጠቃሚው ማንነት ወይም በገጹ ይለያይ፣ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ወይም ጭራሽ ካሽ አይደረግ። ብሎኩ ለማን እንደሚለያይ እንጂ ከምን እንደተሠራ የሚናገርበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ሲታረም ጉዳዩ የማይመለከታቸው ብሎኮች ካሽ ሳይቀር በጅምላ ይጠረግ ነበር።

አዲሱ አሠራር ብሎኩን ራሱን ያናግረዋል። ከቁጥር 5 ጽሑፍ ርዕስ የወሰደ ብሎክ «ኖድ፡5» የሚል ታግ ይይዛል። በቋንቋ፣ በገጹ አድራሻ ወይም በተጠቃሚው ፈቃድ የሚለያይ ከሆነ ያንን በኮንቴክስት ያስታውቃል። በፈቃድ የሚለያየው በተለይ ብልህ ነው፤ አንድ ዓይነት ፈቃድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ብዛታቸው የቱንም ያህል ቢሆን አንድ ቅጂ ይጋራሉ። የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ በማክስ ኤጅ በሰከንድ ይነገራል፤ −1 ከሆነ ከታጎቹ አንዱ እስኪሻር ድረስ ይጸናል።

እኔን አስሮ የሚያስቀረኝ ግን ታግ የሚሻርበት መንገድ ነው። ጽሑፉ ሲታረም ከተቀመጡት ክፍሎች አንድም አይሰረዝም። ዳታቤዙ ውስጥ እያንዳንዱ ታግ ስንት ጊዜ እንደተሻረ የምትቆጥር አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አለች፤ የዚያ ታግ ቆጠራ በአንድ ይጨምራል፣ በቃ። እያንዳንዱ ክፍል ሲቀመጥ የታጎቹ ቆጠራ ድምር አብሮት ይጻፋል። ክፍሉ ሲፈለግ ድምሩ እንደገና ይሰላል፤ ከተጻፈው ጋር ከገጠመ ይሰጣል፣ ካልገጠመ አርጅቷልና እንደ አዲስ ይሠራል። ቆጠራው ወደ ላይ ብቻ ስለሚሄድ ያረጀ ክፍል ተመልሶ ሊገጥም አይችልም። ታጉ በአሥር ገጾች ውስጥ ይኑር በአሥር ሺህ፣ የመሻሩ ሥራ ያው አንድ መደመር ነው። ገጾቹ የት የት እንዳሉ ፈልጎ ማግኘት አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ቁጠባ ያለበት ሥራ ብዙ አላየሁም።

ብሎኩ የተናገረው ደግሞ ወደ ገጹ ይወጣል። ታጎችና ኮንቴክስቶች ይደመራሉ፤ ከማክስ ኤጆች አጭሩ ይወሰዳል። ይህ ብቻውን ቢሆን አንድ የተጠቃሚ ስም የሚያሳይ ብሎክ ገጹን በሙሉ ለዚያ ሰው ብቻ ባደረገው ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ቀድመው አይተውታል። ማክስ ኤጁ 0 የሆነ፣ ወይም በተጠቃሚ ወይም በሴሽን የሚለያይ ብሎክ ሲገጥም ድሩፓል ቦታ ብቻ ይይዝለታል፤ የቀረውን ገጽ ካሽ አድርጎ ብሎኩን በመጨረሻ ይሞላዋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2010 ካስተዋወቀው ሐሳብ የተወሰደው ቢግፓይፕ ሲጨመርበት ገጹ ቀድሞ ይደርሳል፣ የግል የሆነው ክፍል ይከተላል።

እንከን አለበት። ላልገቡ ጎብኚዎች ገጹን በሙሉ የሚያስቀምጠው የድሩፓል ካሽ ታጎችን ያከብራል፤ ከብሎክ የወጣውን ማክስ ኤጅ ግን አይሰማም። 60 ሰከንድ ብቻ እንዲቆይ የተባለ ብሎክ ለእነዚህ ጎብኚዎች ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሌላው ሁሉ እንዲህ በጥንቃቄ በተሠራበት ቤት ይህ ያሳዝነኛል።

ሞጁል የምትጽፉ ሁሉ፣ ለውጡ ወዲያው አልታይ ሲላችሁ ማክስ ኤጁን 0 አድርጋችሁ አትለፉት። ብሎካችሁ ያነበበውን ሁሉ በታግ አስታውቁ። የቅርብ ጽሑፎችን የሚዘረዝር ከሆነ «ኖድ ሊስት» የሚለውን ታግ ጨምሩበት፤ ገና ያልተጻፈ ጽሑፍ የራሱ ታግ ዝርዝሩ ውስጥ ሊኖር አይችልምና።