የሐረጎ ጠመዝማዛና የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ

ከደሴ ኮምቦልቻ በአሞራ በረራ ቢለካ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በመኪና ግን 25 ያህል ነው። በመካከሉ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። የመንገዱ መሐንዲስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ መንገዱን ያጠማዘዘው አውቆ ነው፤ ዳገቱ እንዲላላ፣ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ሞተሩ ሳይግል እንዲወጣ፣ ሲወርድም ፍሬኑ እንዳይከዳው። መስመሩን ጣሊያን በወረራው ዘመን ሠራው፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተረከበው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ስሙ የማይነሳው የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ነው። ደሴ ጦሳ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ከተራራው ወደ ቦርከና ወንዝ ይምዘገዘጋል፣ አፈሩም ይንሸራተታል። እዚህ ከአስፋልቱ በፊት የሚታሰበው ቦዩ፣ ቱቦውና የድጋፍ ግንቡ ነው። ግንቡ ላይ የተተወችው ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ሥራ አላት፤ ከኋላ የተጠራቀመውን ውሃ ታስወጣለች፤ አለዚያ ግንቡ ይገፋና ይናዳል። (እኛ ደግሞ ላስቲክ እንወትፍባታለን!) ሪባን የሚቆረጠው ለአስፋልት ነው፤ ለቦይ ሲቆረጥ አላየሁም።

ደሴዎች፣ ሐምሌ ሳይገባ በየደጃችን ያለውን ቦይ እንጥረግ።