ባዶውን ማን ይመልሰው?
የባርቶው ኤልሞር «ሲቲዝን ኮክ» ሂሳዊ ዳሰሳ

የአሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ባርቶው ኤልሞር «ሲቲዝን ኮክ» በዋናነት የኮካ ኮላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በኖርተን ታትሞ ወጣ፤ ውሃው፣ ስኳሩ፣ ካፌኑና የኮካ ቅጠሉ በየተራ ይተረኩበታል። እኔን አጥብቆ የያዘኝ ግን ስለ ጠርሙስ፣ ስለ ጣሳና ስለ ፕላስቲክ የሚያወራው ምዕራፍ ነው። ከተማና ኩባንያ ተባብረው የቤት ቆሻሻ ይቀንሱ ሲባል ማን ይጠላል? ሆኖም ከኩባንያ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የሚፈርም የከተማ ሹም ሁሉ እስክሪብቶውን ከማንሳቱ በፊት ይህን ምዕራፍ ቢያነብ እወዳለሁ።

የኤልሞር መከራከሪያ ግልጽ ነው፤ ኩባንያው የበለጸገው ከባዱን ሥራ ሌላው እንዲሸከምለት እያደረገ ነው ይላል። በ1899 ጠርሙስ የመሙላት መብቱን ለሁለት የቻተኑጋ ጠበቆች በ1 ዶላር ሰጠ፤ ፋብሪካውን የሚተክሉት፣ ፈረሱንና ጋሪውን የሚገዙት እነሱና ከእነሱ መብቱን የተቀበሉ ነጋዴዎች ሆኑ። ውሃው ከከተማ ቧንቧ ይቀዳል። በኋላ ላይ ደግሞ ባዶውን የሚያነሳው ማዘጋጃ ቤቱ ሆነ።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጠርሙሱ የፋብሪካው ንብረት ነበር፤ በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ለሚሸጥ መጠጥ እስከ 2 ሳንቲም ማስያዣ ይከፈልበታል። ሙሉ ሳጥን ያወረደው መኪና ባዶ ሳጥን ጭኖ ይመለሳል፤ ጠርሙሱ በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ገጽ ሲያነብ የሰፈሩ ሱቅ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። ለስላሳ ወደ ቤት ለመውሰድ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መሄድ ወይም ማስያዝ አብረነው ያደግነው ነገር ነው። ባለሱቁ የመጣለትን ጠርሙስ አፉን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ የተሸረፈ ከሆነ «ይሄን አልቀበልም» ይላል። ያ ጣት የማዘጋጃ ቤት በጀት የማይነካ የቁጥጥር ሥራ ይሠራ ነበር።

ይህ ሥርዓት አሜሪካ ውስጥ እንዴት እንደፈረሰ ኤልሞር በትዕግሥት ይተርካል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተጠጥቶ የሚጣለው ጣሳና ጠርሙስ ገበያውን ያዘ። ባዶ መመለስ ከሌለ ፋብሪካው ለደንበኛው ቅርብ መሆን አያስፈልገውምና ትንንሾቹ ፋብሪካዎች በትልልቆቹ ተዋጡ። የቬርሞንት ግዛት በ1953 የማይመለስ የቢራ ጠርሙስ ከለከለች፤ ክልከላው ግን አራት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በዚያው በ1953 የጣሳና የጠርሙስ አምራቾች «ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የድርጅቱን የ1971 ማስታወቂያ ያየ አይረሳውም፦ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ልብስ የለበሰ ሰው ታንኳውን በቆሻሻ መሃል ቀዝፎ ዳር ይወጣል፤ ከሚያልፍ መኪና የተወረወረ የቆሻሻ ከረጢት እግሩ ሥር ይፈርጣል፤ ጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል። ጥፋተኛው መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ማን እንደሠራው ማስታወቂያው አያነሳም።

በዚያው ዓመት ኦሪገን በቢራና በለስላሳ መያዣዎች ላይ 5 ሳንቲም ማስያዣ የሚጥል ሕግ አወጣች። የመጠጥ ኢንዱስትሪው እንዲህ ዓይነቱን ሕግ በየግዛቱ ታገለ፤ በምትኩ ያቀረበው ነዋሪው ከደጁ የሚያስቀምጠውን የቆሻሻ መለያ ሳጥን ነው። መኪናው፣ ነዳጁ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የመለያ ጣቢያው ከከተማው ካዝና ይከፈላሉ። ኤልሞር ይህን ለኩባንያዎች የተሰጠ የሕዝብ ድጎማ ይለዋል፤ እኔም እስማማለሁ። አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችን ጣሳውን ሳጥኑ ውስጥ ሲጥል ግዴታውን ተወጥቷል፤ ማጓጓዣውን ግን በግብሩ እየከፈለ ነው።

መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። ኤልሞር አንዳንዴ ሁሉንም ነገር የኩባንያው ስሌት ያደርገዋል። ባዶ ጠርሙስ የሚያከማችበት ቦታ ያጣው ሱፐርማርኬትና በእጁ ሳጥን ተሸክሞ መመላለስ የሰለቸው ገዢም ለለውጡ ድርሻ ነበራቸው። ከሁሉ የከፋኝ ግን ባዶውን በእጃቸው የሚለቅሙ ሰዎች በመጽሐፉ ያገኙት ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው። የእኛ ቆራሌዎችና ባዶ ሃይላንድ በጆንያ የሚሰበስቡ ልጆች ማዘጋጃ ቤቱም ፋብሪካውም ያልከፈለበትን ሥራ ይሠራሉ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከተማ ብቻውን የተሸከመው ቆሻሻ በማን ላይ እንደሚወድቅ አይተናል። ስለ ቆሻሻ ዋጋ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሰዎች ሊያልፋቸው አይገባም።

ከመጽሐፉ በኋላ የሆነው ነገር ደራሲውን በብዙው ደግፎታል። ኦሪገን ተመላሹ ስለቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2017 ማስያዣውን 10 ሳንቲም አደረገች፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚመለሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። እዚያ ባዶውን የሚሰበስበው መጠጥ አከፋፋዮቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ኅብረት ሥራ ነው፤ በ2018 ታጥቦ የሚሞላ የቢራ ጠርሙስ እንደገና ጀምሯል። ያልተመለሰው ማስያዣ እዚያው አከፋፋዮቹ እጅ መቅረቱ አይዋጥልኝም፤ ቢሆንም ትብብር የምለው ይህን ነው፤ የሸጠው ሰብሳቢ ሆኗልና።

ኮካ ኮላ በበኩሉ በ2018 ለሚሸጠው እያንዳንዱ ጠርሙስና ጣሳ አንድ አንድ እንደሚሰበስብ፣ ይህንንም በ2030 እንደሚያሳካ ቃል ገባ። በ2022 ከሚሸጠው መጠጥ ቢያንስ ሩቡን በተመላሽ መያዣ እንደሚያቀርብ ጨመረ። በታኅሣሥ 2024 የመጀመሪያውን ግብ ወደ 70–75 በመቶ ዝቅ አድርጎ እስከ 2035 ገፋው፤ የተመላሹን ግብ ከነአካቴው ተወው። ለአዲስ እትም የሚሆን ምዕራፍ ይኸው ተዘጋጅቷል፤ ኤልሞር የኩባንያውን ሪፖርት ከከተሞቹ የበጀት መዝገብ ጎን አስቀምጦ በዚያው ትዕግሥቱ እንዲጽፈው እፈልጋለሁ።