ጣና ለልጅ የተፈጠረ ነው!

«ትንሽ ልጅ ይዞ ከቦታ ቦታ መዞር አይታሰብም» ለሚሉኝ ሁሉ ከእንግዲህ መልሴ አንድ ነው፦ ባሕር ዳር ሂዱ! ሰው ደሴት አማረኝ ብሎ ዛንዚባር ድረስ ይከንፋል። እኛ እኮ 37 ደሴት ያለበት ሐይቅ፣ ዘንባባ የተሰለፈበት ከተማ፣ ያውም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው! ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱም ሕፃን አያዝልም።

ዘዴው ሆቴል አለመቀያየር ነው። ሻንጣው ባሕር ዳር ይቀመጥ፤ እናንተ በጀልባ ዙሩ። መኪና ውስጥ «መቼ ነው የምንደርሰው?» እያለች የምታደርቀን የአራት ዓመት ልጄ ጀልባዋ ላይ ጥያቄውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ፔሊካኖች፣ ከዚያ ታንኳ! «እማዬ፣ ሰውዬው ሣር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል!» እውነቷን ነው፤ ታንኳው ደንገል በደንገል ታስሮ የተሠራ ነው።

መጀመሪያ የእንጦስ ኢየሱስ ደሴት ገዳም። ጎረቤቱ ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት አባት ብቻውን ደርሶ ይምጣ፤ እናትና ሴት ልጅ እንጦስ ላይ ይንሸራሸሩ። ማንም አይከፋም።

ዘጌ ግን! እንደ ዘጌ ያለ የት ይገኛል? በሬ ጠምዶ ማረስ ባልተለመደበት በዚህ ምድር ቡናና ጌሾ ጫካ ሆነው ያድጋሉ። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ከላይ እስከ ታች ጥላ ነው፤ ጦጣው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ልጄ «እቀፉኝ» ማለቱን ረሳችው። ጫማ አውልቀን ስንገባ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል! አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ተራራ ሲወጡ፣ በላዔ ሰብእ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው። ልጄ ጣቷን ቀስራ የቤተ ክርስቲያኑን ቄስ «አባ፣ ነብሩ ለምን አይነክሳቸውም?» አለቻቸው። አባም ሳቅ ብለው «ጓደኛቸው ነዋ፣ የኔ ልጅ!» አሏት። የትኛው የተረት መጽሐፍ ነው እንደዚህ የሚመልሰው?

ስትመለሱ ባለጀልባውን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ውሰደን በሉት፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ የጉማሬ ጆሮ ብቅ ይላል። ከዚያ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ፣ እሾኹን እየለቀማችሁ።

ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ጉዞው ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ሕፃን ያስፈራል። የልጅ ልክ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ወባ ስላለ አጎበር የሌለው አልጋ አትያዙ። ሐይቁ ውስጥም አትዋኙ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የራሱን ቀን ስጡት፤ ያውም ክረምቱ ሲወጣ፣ በበጋ ውኃው ለኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ፏፏቴው ይከሳል። የመንገዱን ሰላምም ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቁ።

ባለቤቴ ደግሞ ሻንጣው ሳይፈታ ቀጣዩን አቅዷል፤ ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ ከዚያ ሐይቁን አቋርጦ ጎርጎራ። «ለልጅ አይርቅም?» ስለው የመለሰችልኝ ልጄ ናት፦ «በጀልባ ነው እኮ!»