ስለ ንግሥት ራናቫሎና ቀዳማዊት የተሰጠው ፍርድ

በማዳጋስካር ደሴት የሜሪና ንጉሥ ራዳማ ቀዳማዊ በ1828 ዓ.ም. ሲሞቱ ባለቤታቸው ራናቫሎና ነገሡ፤ እስከ 1861 ዓ.ም. ገዙ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በብዙ የአውሮፓውያን መጻሕፍት የሚታወቁት ግን በጭካኔያቸው ነው፤ እብድም የሚላቸው አለ። ይህን ፍርድ ሳንመረምር ልንቀበለው አይገባንም።

በመጀመሪያ ፍርዱ ከማን እንደ መጣ እንመልከት። ንግሥቲቱ በ1835 ዓ.ም. ሕዝባቸውን ከክርስትና ስለ ከለከሉ ሚሲዮናውያኑ አገሩን ለቀቁ። ኦስትሪያዊቷ አገር ጐብኚ ኢዳ ፋይፈርም በ1857 ዓ.ም. በዙፋኑ ላይ በተነሣው አድማ ምክንያት ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ተባረረች። ስለ ንግሥቲቱ በሰፊው የጻፉት እነዚህ ናቸው፤ የተባረረ ሰው ስለ አባራሪው የሚሰጠው ቃል ደግሞ መመዘን አለበት። በማንታሱአ በፈረንሳዊው ላቦርድ እጅ መድፍና ጠመንጃ ያሠሩ፣ ጦራቸውም በ1845 ዓ.ም. ታማታቭን የወጉትን እንግሊዞችና ፈረንሳዮች የመለሰላቸው ንግሥት እብድ ነበሩ ለማለት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ የነጻነት ጠባቂ ነበሩ ብሎ ግፉን መሸፈንም ታሪክ አይደለም። በታንጌና መርዝ ፍርድ ያለቁት፣ በ1837 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖቷ የተገደለችው ራሳላማ፣ የገዛ አገራቸው ሰዎች ነበሩ። የማንታሱአም ፋብሪካ የቆመው በግዳጅ ሠራተኞች ጉልበት ነው።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት «እብድ» የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ ብልኀታቸውን ይሰውራል፤ ከጥፋታቸውም ነጻ ያወጣቸዋል። ንግሥቲቱ የሚሠሩትን ያውቁ ነበርና ነጻነቱም ግፉም በስማቸው ሊጻፍ ይገባል።