ስሟ የሚጠራው ስትስት ነው

የሴቶች እግር ኳስ ግጥሚያ በሬዲዮ ሲተላለፍ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። አጥቂዋ ኳስ ነካች አልነካች ስሟ ይጠራል። ተከላካይዋን ግን የምንሰማት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ አሰላለፍ ሲነበብ፣ አንዴ ደግሞ ስትስት። በመሃል ያለው ሰማንያ ምናምን ደቂቃ «ኳሷ ተመለሰች» በምትል አጭር ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ኳስ በገዛ እግሯ ትመለሳለች እንዴ? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ተደረገ፣ ተባለ፣ ተመለሰ» ሲያበዙብኝ የድርሰታቸው ጠርዝ ላይ በቀይ «ማን?» ብዬ እጽፍ ነበር። ያንን እስክሪብቶ ዛሬ ይዤ ብነሣ የስፖርት ገጾቻችን ቀይ በቀይ በሆኑ።

ለጋዜጠኞቹም ልፍረድላቸው፤ ነገሩ በከፊል የትረካ ጠባይ ነው። ተረት «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ ይነሣል። የተከላካይ ሥራ ደግሞ ያ አንድ ቀን እንዳይመጣ ማድረግ ነው። አጥቂ ያደረገችው ነገር ይታያል፤ ተከላካይ የምትሠራው ግን ያልሆነ ነገር ነው። ያልገባ ግብ፣ ያልተሻገረ ኳስ፣ ያልተከፈተ ክፍተት። ያልሆነን ነገር መተረክ የለየለትን ልብ ወለድ ጸሐፊም ያስቸግራል። ቢሆንም ቅሉ፣ ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት ሲወጣ ምስጋናው ለበረኛዋ ብቻ ሲጻፍ ምን ይባላል? በዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ሲሰጥ የለመድነውን ዝርዝር አስቡት፦ ኮከብ ተጫዋች፣ ኮከብ ግብ አግቢ፣ ኮከብ ግብ ጠባቂ፣ ኮከብ አሰልጣኝ። ከበረኛዋ ፊት ቆመው የዋሉት የት ገቡ?

ዓለሙም ከኛ እጅግ አይሻልም። የሴቶች ባሎን ዶር እ.ኤ.አ. በ2018 ለኖርዌያዊቷ አጥቂ ለአዳ ሄገርበርግ ከተሰጠ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አንዲት ተከላካይ አልወሰደችውም። ፊፋ ግን በ2020 የዓለም ምርጥ ሴት ተጫዋች ብሎ የሸለመው እንግሊዛዊቷን የቀኝ መስመር ተከላካይ ሉሲ ብሮንዝን ነበር። (ብሔራዊ ቡድናችንን «ሉሲዎቹ» ለምንለው ለእኛ ስሟ ጥሩ ገድ ነው።) ይህችው ሴት በ2025ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በተሰነጠቀ የቅልጥም አጥንት ውድድሩን ሙሉ ተጫውታ ከአገሯ ጋር ዋንጫ አነሣች። ዓለም ይህን የሰማው የፍጻሜው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ነው። የተከላካይ ነገር እንዲህ ነው፤ ሕመሟ እንኳ ዜና የሚሆነው ዘግይቶ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ሉሲዎቹ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው አራተኛ ወጥተዋል። ለሦስተኝነት ከጋና ጋር ያደረጉት ግጥሚያ ያለ ግብ አልቆ የተሸነፉት በመለያ ምት ነበር። እስቲ ይቺን «ያለ ግብ» የምትል ቃል ቆም ብለን እናንብባት። ጋና እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2003 የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫወተች አገር ናት። ያንን ቡድን ባዶ እጁን ያስቀሩት ልጆች እነማን ነበሩ? የኳስ ወዳጅ ነኝ ያለኝን ሁሉ ጠይቄያለሁ። አራተኛ መውጣታችንን የሚያስታውስ ጥቂት አገኘሁ፤ የመለያ ምቱን የሚያስታውስም አልጠፋም። ከኋላ የነበሩትን ግን አንዱም አልጠራልኝም።

ሎዛ አበራን የማያውቅ ግን የለም። ይገባታልም። ከዱራሜ ተነሥታ በሐዋሳ፣ በደደቢትና በአዳማ አልፋ፣ ማልታ ላይ ከቢርኪርካራ ጋር ዋንጫ አንሥታ፣ ንግድ ባንክን አገልግላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ድረስ ለዲሲ ፓወር የፈረመች ጀግና ናት። በእሷ ላይ አቃቂር የማወጣ እንዳይመስልብኝ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አዳማ ከተማ በ2011 ዓ.ም. የሴቶቹን ሊግ ሲበላ የበላው ባገባው ብቻ ነው ወይስ ባልገባበትም? ንግድ ባንክ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ወደ አፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ሲያልፍ፣ በማግስቱ ያነበብነው ስለ ማን ነበር?

ነገሩ የዝና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም ባላባከንኩ። የእንጀራ ጉዳይ ነው። ግብ ፓስፖርት ነው፤ ይቆጠራል፣ ይላካል፣ ባሕር ማዶ ያለ ወኪል አማርኛ ሳያውቅ ያነበዋል። «በዚህ ዓመት ይህን ያህል አገባች» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ይበቃዋል። ተከላካይዋ ምን ትላክ? የወንዶቹ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ ይታይ ስለነበር የወንድ ተከላካይ ቢያንስ የሚቆረጥ ምስል አለው። የሴቷ ብቸኛ ማስረጃ ሜዳ ላይ የነበረ ሰው ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ቪዛ አያስመታም።

የቀድሞ ሰዎች በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻሉ ነበሩ መሰለኝ። በድሮው የጦር ማዕረጋችን ፊታውራሪ ከፊት የሚዘምት ነው፤ በዛሬ ቋንቋ አጥቂ ልንለው እንችላለን። ደጃዝማች ደግሞ የደጅ አዝማች ነው። በደረጃ ማን ይበልጣል? ደጃዝማቹ! ደጅ የሚጠብቀውን ከፊት ከሚሮጠው በላይ ያስቀመጠ ሕዝብ፣ ኳስ ላይ ሲደርስ ምን ነካው? ይባስ ብሎ ደግሞ ሴትን «ቤት ጠብቂ» ሲል የኖረ ሕዝብ፣ ሴቲቱ ሜዳ ገብታ እውነትም ቤት ስትጠብቅለት ዞር ብሎ አላያትም።

ዱከምን የማያውቅ የቁርጥ ወዳጅ የለም። ከአዲስ አበባ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአዳማ መንገደኛ ሁሉ መኪናውን ገታ የሚያደርግባት ከተማ ናት። እኔም እንደ ማንኛውም ኃጢአተኛ እገታለሁ። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ሥጋ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ግድግዳው ላይ የእንግሊዝ ኳስ ተከፍቷል። ቢላዋ በእጁ የያዘው ሁሉ ስለ ቫን ዳይክ አቋቋም ይተነትናል። በዚህ ጊዜ ነው ከላይ ያልኩት የትረካ ጠባይ ሙሉ መልስ እንደማይሆን የገባኝ። ተከላካይ አይታይም ማለት ልክ አይደለም፤ ቫን ዳይክን ዱከም ድረስ ያዩታል። ዓይን አለ ማለት ነው፤ የሚመርጠው ሌላ ነው።

ግብ ገባ። ቤቱ በአንድ ድምፅ በረኛውን ረገመ። ሒሳብ ልትቀበል የመጣችው አስተናጋጅ ግን ቀና ብላ አይታ፣ «በረኛው ምን ያድርግ፣ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። ጓደኛው እስኪደርስ መቆየት ነበረበት» አለች፤ ስለ መሃል ተከላካዩ። ድጋሚው ምስል ሲታይ ልክ እንዳለችው ነበር።

«ኳስ ታውቂያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ተጫውቻለሁ ጋሼ። ስቶፐር ነበርኩ።»

ስድስት ዓመት ተጫውታለች። ክለቡን አልጠራውም፤ እሷም እንዳልጠራው ለምናኛለች። ውሉ የአንድ ዓመት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ይታደስልኝ ይሆን እያሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ነው። «ለአጥቂ ይደወልላታል፤ እኛ ደዋዮች ነን» አለችኝ እየሳቀች። በስድስተኛው ዓመት ጉልበቷን ተጎዳች። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። የማገገሚያው ጊዜ ከውሉ ረዘመ፤ ነገሩ በዚሁ አበቃ። ያባረራትም የሸኛትም የለም። «ደብዳቤ እንኳ ቢሰጡኝ አስቀምጠው ነበር» ነው ያለችው።

ፎቶ እንዳላት ጠየቅኋት። ስልኳን አውጥታ አንድ አሳየችኝ። አጥቂዋ ሁለት እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ ወደ ካሜራው ትሮጣለች፤ አፏ ተከፍቷል፤ ቆንጆ ፎቶ ነው። «አንቺስ?» ስላት በሁለት ጣቷ ምስሉን ጎትታ አሰፋችው። ከአጥቂዋ ትከሻ በላይ፣ ወዲያ ማዶ መሃል መስመሩ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ሰው ቆማለች። ፊት የላትም፤ የማልያ ቀለም ብቻ። «ያቺ እኔ ነኝ» አለች።

ፎቶ አንሺዎች ግብ ይገባበታል ብለው ከሚያስቡት መረብ ኋላ ነው የሚቀመጡት። ጠንካራው ቡድን የሚያጠቃበት መረብ ማለት ነው። ስለዚህ የጥሩ ቡድን ተከላካይ ሁልጊዜ ከካሜራው ሩቅ ናት፤ ፊቷ ጎልቶ የሚነሣው ሲሸነፉ ነው። ተንኮል አይደለም፤ የመቀመጫ ነገር ነው። ግን አንዱ እንኳ ለአንድ ግማሽ ያህል ወንበሩን ወደዚያኛው ጫፍ ቢያዞር ማን ይከለክለዋል?

ስለ ሴት ተጫዋቾች ከሚጻፈው ሁሉ የሚያናድደኝ ቃለ መጠይቁ ነው። ከአሥር በላይ ቆርጬ አስቀምጫለሁ፤ ስሞቹን ሸፍናችሁ ብታነቡ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። «እንዴት ጀመርሽ?» ከወንዶች ጋር እየተጫወትኩ። «ቤተሰብ ምን አለ?» መጀመሪያ ተቃወሙ፣ በኋላ ተቀበሉ። «ትዳርስ?» ወደፊት እናያለን። «በመጨረሻ የምታስተላልፊው መልእክት?» ፈጣሪን፣ አሰልጣኜን፣ ቤተሰቤን አመሰግናለሁ። አበቃ። ዓመቱን ሙሉ በሙያዋ የኖረች ሴት ስለ ሙያዋ አንድም ጥያቄ ሳትጠየቅ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ፈጣን አጥቂ ሲመጣብሽ ዓይንሽ ኳሱ ላይ ነው ወይስ ወገቧ ላይ? ከጎንሽ ያለችው ልጅ ስታጠፋ ምን ብለሽ ትጠሪያታለሽ? ዝናብ ሲዘንብ አቋቋምሽን ትቀይሪያለሽ? ለዚያች አስተናጋጅ የመጨረሻውን ጥያቄ አቅርቤላት ሩብ ሰዓት አወራችኝ፤ ባለቤቱ በዓይኑ እስኪጠራት ድረስ።

ዱከም ዛሬ የቁርጥ ብቻ አይደለችም። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተተከለባት፣ የቻይናው ሁዋጂያን የጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረባት ወዲህ የፋብሪካ ልጃገረዶች ከተማ ሆናለች። ይህን ሳይ ወደ እንግሊዟ ፕሬስተን ከተማ እሄዳለሁ፤ በሐሳብ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1917፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ዲክ ኬር የሚባል ፋብሪካ ጥይት ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ቡድን አቋቋሙ። በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሲጫወቱ 53,000 ተመልካች ገባ። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኳስ ለሴት አይስማማም ብሎ ከአባል ክለቦች ሜዳ አገዳቸው፤ እገዳው ለግማሽ ምእተ ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2019 ማንቸስተር ላይ ሐውልት ቆመላቸው። ለማን? ለክንፍ አጥቂዋ ለሊሊ ፓር። የቡድኑ አምበል የነበረችው አሊስ ኬል ግን ተከላካይ ነበረች። ነሐሱም አድራሻውን ያውቃል ማለት ነው።

ወቀሳ ብቻ እንዳይሆንብኝ ራሴ ሞከርኩት። ባለፈው በጋ አንድ እሑድ ከሰዓት ዱከም ላይ የሴቶች ግጥሚያ ነበር፤ ሊግ አይደለም፣ የሰፈርና የፋብሪካ ልጆች ጨዋታ ነው። ሜዳው አቧራ፣ መስመሩ በኖራ የተሰመረ። ደብተር ይዤ ከአንዱ ግብ ኋላ ተቀመጥኩና የመሃል ተከላካይዋን፣ ቁጥር 4ን ብቻ ልጽፍ ቆረጥኩ። እንዲህ ይላል፦

በ3ኛው ደቂቃ የግራ ጓደኛዋን በእጇ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አመጣቻት፤ ኳሱ ገና ሌላው ጫፍ ነው። በ9ኛው ረጅሙን ኳስ ልትዘልለት ስትችል ተወችው፤ ነጥሮ በረኛዋ እጅ ገባ። በ17ኛው አጥቂዋን አልገጠመቻትም፤ ጎን ለጎን እየሮጠች ወደ ጥግ ወሰደቻት፣ አጥቂዋ ቦታ ሲጠፋባት ራሷ ኳሱን አወጣችው። በ26ኛው ጮኸች፤ «ቆይ!» ነው ያለችው፤ ጓደኛዋ ቆየች፣ ባትቆይ ኖሮ በመካከላቸው ማለፊያ ነበረ። በ31ኛው ወደቀች፤ ጉልበቷን ዳበሰችና ተነሣች። ከዚያ በኋላ እስከ ዕረፍት የሰፈረ ነገር የለም፤ ኳስ ወደ እሷ መምጣት አቁሟል። ተጋጣሚዎቹ በመሃል መምጣቱን ትተው በክንፍ ሆነው ነበር። ማን አስተዋቸው?

ሁለተኛውም ግማሽ እንዲሁ ነው፤ ሰባት ገጽ ሞላ። ግጥሚያው 0 ለ 0 አለቀ። ከአጠገቤ የቆመ ልጅ «ዛሬ ምንም የለም እኮ አባባ፣ ምኑን ነው የሚጽፉት?» አለኝ። ቁጥር 4 መስመሩ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታ ነበር። ሁለቱንም አወለቀችና አቧራውን አራግፋ፣ ለሚቀጥለው ግጥሚያ በነጠላ ጫማ ቆማ ትጠብቅ ለነበረች ልጅ አቀበለቻት።