ነጩ ኮርማ እና ጠርሙሱ

በ2009 እ.ኤ.አ. ጁባ ላይ የተከፈተው የሳብሚለር ጠመቃ ፋብሪካ ቢራውን «ዋይት ቡል» ብሎ ሰየመው። ስሙን ወደ አማርኛ ስመልሰው መጀመሪያ «ነጭ በሬ» ብዬ ሰረዝኩት፤ የእኛ በሬ ቀንበር ተሸካሚ ነውና። «ነጭ ኮርማ» ይሻላል፤ እሱም አይበቃም። በዲንካዎች ዘንድ ይህ ከብት «ማቢዮር» ይባላል፤ የሰው መጠሪያ፣ የጥሎሽ ክብር፣ የጎረምሳ ዘፈን ነው። የጆን ጋራንግ ሙሉ ስም እንኳ ጆን ጋራንግ ደ ማቢዮር ነበር። ታዲያ ጠርሙሱ «ጠጡኝ» ማለት ምን አስፈለገው? አርቢው አባት ኮርማውን ለገበያ ሲሳሳ፣ ከተሜው ልጅ ስሙን በየምሽቱ ይገዛል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ አልወደውም እንጂ። ፋብሪካው በ2016 በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምርቱን አቆመ። እኛስ ብንሆን፣ በ2014 የወጣውን የሄኒከን «ዋልያ» ስንጠጣ ብሔራዊ ቡድኑን የደገፍን መስሎን አልነበር?